ለኦድራ ማክዶናልድ “አይሆንሽም” የተባለው ሚና

እ.ኤ.አ. በ2025 በኒውዮርኩ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ በተካሄደው፣ የብሮድዌይ (የኒውዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች) ትልቁ ሽልማት በሆነው ቶኒ ላይ፣ አሜሪካዊቷ ተዋናይትና ዘፋኝ ኦድራ ማክዶናልድ “ጂፕሲ” ከተሰኘው ሙዚቃዊ ቲያትር የመደምደሚያውን ዘፈን አቀረበች። በዚያው ምሽት የሙዚቃዊ ቲያትር ምርጥ መሪ ተዋናይትነትን ሽልማት የወሰደችው ኒኮል ሸርዚንገር ናት። በሸርዚንገር ማሸነፍ ቅሬታ የለኝም፤ ደክማ ያገኘችው ነው። ያንገበገበኝ በ“ጂፕሲ” የዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ የሮዝን ሚና ስለያዘችው ኦድራ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሲነገር የሰነበተው ነው። “ትልቅ ተዋናይት ናት፤ ድምጿም ያምራል፤ ይህ ሚና ግን ለእሷ ድምፅ አልተጻፈም” ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ቲያትር የሚወዱና ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ መልስ ይገባቸዋል።

ቅሬታው መነሻ አለው። ጂፕሲ በ1959 (ዓመቶቹን በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው) መድረክ ላይ ሲወጣ የሮዝን ሚና የያዘችው ኤተል መርማን ነበረች። መርማን ማይክሮፎን ሳያስፈልጋት እስከ መጨረሻው ረድፍ የምትሰማ፣ ከደረቷ እያወጣች አዳራሹን የምታስተጋባ ዘፋኝ ነበረች። ዜማው የተሠራው በእሷ ጉሮሮ ልክ ነው። ከእሷ በኋላ አንጄላ ላንስበሪ፣ ታይን ዴሊ፣ በርናዴት ፒተርስና ፓቲ ሉፖን ሮዝን በብሮድዌይ ተጫውተዋታል፤ ከፒተርስ በቀር ሦስቱ ቶኒ አግኝተውባታል። ኦድራ ግን በኦፔራ ሥርዓት የሠለጠነች ሶፕራኖ (ከፍ ያለ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ናት። ዜማው ከፍ ሲል ድምጿ ከደረት ወደ ራስ ይሸጋገራል፤ ይቀጥናል፤ ይርገበገባል። የመርማንን ቅጂ የለመደ ጆሮ የሚጠብቀውን ጉልበት እዚያ ቦታ ላይ ያጣዋል።

እኔ የምወደው ግን ያንኑ መሸጋገሪያ ነው። ሮዝ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከከተማ ከተማ የምትንከራተት፣ ያመለጣትን ዝና በልጆቿ በኩል ለማግኘት የምትታገል እናት ናት። አንደኛዋ ልጅ ጥላት ትሄዳለች፤ ሁለተኛዋ ዝነኛ ሆና እናቷን የማትፈልግበት ደረጃ ትደርሳለች። በመጨረሻው ዘፈን ሮዝ ባዶ መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ያ ሁሉ ድካም ለማን እንደነበር ትጠይቃለች። ይህን ጥያቄ አንዲትም ጊዜ ሳይንቀጠቀጥ በሚወጣ ድምፅ መዘመር ይቻላል፤ ተዘምሯልም። በኦድራ ቅጂ ላይ ግን ድምፁ ከደረት ለመውጣት ሲታገል፣ ሲያመልጣትና እንደገና ስትይዘው ይሰማል። ዕድሜዋን በሙሉ ሌሎችን መድረክ ላይ ስትገፋ የኖረች ሴት ተራዋ ሲደርስ የምታሰማው ድምፅ እንዲህ ያለ አይሆንም የሚለኝ ማን ነው?

በዚያ ላይ ይህ ዝግጅት የራሱ ታሪክ አለው። ሮዝን በብሮድዌይ ለመጫወት የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ኦድራ ናት፤ ይህም የሆነው ቲያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ከ65 ዓመት በኋላ፣ በማጀስቲክ ቲያትር ነው። አዘጋጁ ጆርጅ ሲ. ዎልፍ አንድ ነገር አደረገ። ሕፃናቱ አድገው ወጣት ሲሆኑ፣ ከሮዝ ልጅ ጀርባ ይጨፍሩ የነበሩት ጥቁር ልጆች በነጭ ወጣቶች ይተካሉ። ለዚህ ማብራሪያ አልተጨመረም። ተመልካቹ ሮዝ ገበያው የሚፈልገውን ለማቅረብ ምን እንደከፈለች በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጨረሻ ዘፈን ክብደቱ ሌላ ነው፤ በዚያ ክብደት ሥር ያለውን ድምፅ በ1959ኙ ሚዛን ብቻ መመዘን ዝግጅቱን አለማየት ነው።

ኦድራ “አይሆንሽም” ስትባል ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። አባቷ በአሜሪካ ጦር ሲያገለግል በ1970 በምዕራብ በርሊን ተወለደች፤ ያደገችው ግን በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ነው። ገና በልጅነቷ በከተማዋ እራት እየተበላ በሚታይ የቲያትር ቤት መድረክ ላይ ትዘፍን ነበር። ኒውዮርክ ወደሚገኘው የሙዚቃና የቲያትር ትምህርት ቤት ጁሊያርድ ስትገባ ግን ልቧ ብሮድዌይ፣ ትምህርቱ ኦፔራ ሆነባት። በዚያ ዘመን ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንደደረሰባት ራሷ በይፋ ተናግራለች። ትምህርቷን አቋርጣ ከአንድ ተዘዋዋሪ ሙዚቃዊ ቲያትር ጋር ሠራች፤ ተመልሳም በ1993 ተመረቀች። የሚያስገርመው፣ ያኔ የከበዳት ሥልጠና ነው ከዚያ በኋላ ለዚህ ያበቃት።

በማግስቱ ዓመት “ካሩሰል” ውስጥ የኬሪን ሚና አገኘች። ኬሪ በኒው ኢንግላንድ የባሕር ዳርቻ የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ነጭ ተዋንያን ይዘውት የኖሩት ሚና ነው። ኦድራ በፈተናው ላይ እየዘፈነች ራሷን ስታ ወደቀች፤ አዘጋጁ ኒኮላስ ሃይትነር ግን መረጣት፤ የመጀመሪያ ቶኒዋንም አገኘች። ሁለተኛው በ1996 መጣ። “ማስተር ክላስ” በተሰኘው ተውኔት የታላቋ ኦፔራ ዘፋኝ ማሪያ ካላስ ተማሪ ሆና ነው የተጫወተችው። ካላስ ተማሪዋን አቅሟን የሚመጥን ሌላ ነገር እንድትዘፍን ስትመክራት፣ ልጅቱ በመምህሯ ፊት የልቧን ተናግራ ወጥታ ትሄዳለች። የተውኔቱ ታሪክ የሚካሄደው በጁሊያርድ መሆኑ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1998 ያገኘችው ሦስተኛው ሽልማት በ“ራግታይም” ነበር። ኦድራ የተጫወተቻት ሣራ አዲስ የተወለደ ልጇን በሰው አትክልት ቦታ አፈር ውስጥ ቀብራ የተገኘች ወጣት እናት ናት። ሕፃኑ በሕይወት ይገኛል። ሣራ ለረጅም ጊዜ ለማንም አትናገርም፤ አፏን የምትከፍተው ልጇን ታቅፋ፣ ያደረገችውን ለምን እንዳደረገች ለእሱ ለማስረዳት ነው። ኦድራ ዘፈኑን እንደ እሹሩሩ ዝቅ አድርጋ ትጀምረዋለች፤ ከዚያ ቁጣው ከሥር ይመጣል፤ እሹሩሩውም ሳይጠፋ ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን ሽግግር ያለ ሥልጠና ማድረግ አይቻልም፤ በሥልጠና ብቻም አይቻልም። 28 ዓመት ሳይሞላት ሦስት ቶኒ ይዛ ነበር።

በእኛ መድረክ ትወናና ዘፈን በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። አስናቀች ወርቁ ተዋናይትም፣ ድምፃዊትም፣ ክራር ደርዳሪም ነበረች። አስናቀችን ስንሰማ የምንሻው ቃሉ ከአንጀቷ መውጣቱን ነው፤ የድምጿን ጉልበት ለመለካት የተቀመጠ ሰው አላጋጠመኝም። ለዚህ ነው የአማርኛ አንባቢ የኦድራን ጉዳይ ከብዙ የብሮድዌይ ተመልካች ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ የማምነው።

አራተኛው ሽልማት በ2004 በተውኔት፣ አምስተኛው በ2012 በ“ፖርጊ እና ቤስ” መጣ። በዚህኛው ላይ ክርክሩ የተነሳው ቲያትሩ ብሮድዌይ ሳይደርስ ነው። የአቀናባሪው የገርሽዊን ኦፔራ ለሙዚቃዊ ቲያትር እንዲመች መቀየሩን የዘመኑ ታላቅ የሙዚቃዊ ቲያትር ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም በ2011 ለኒውዮርክ ታይምስ በጻፈው ደብዳቤ ክፉኛ ነቀፈው። ኦድራ ግን ጉንጯ ላይ የስለት ጠባሳ ያለባት ቤስ ሆና ወጣች፤ ቤስ ምን እንዳሳለፈች ጠባሳው ገና ሳትዘፍን ይናገር ነበር።

ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ግን በ2014 ያደረገችው ነው። ያኔ የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊደይን ሆና ተጫወተች። ታሪኩ በ1959፣ ሆሊደይ ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ በፊላደልፊያ በሚገኝ አነስተኛ መጠጥ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ነው። ሆሊደይ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ከታሰረች በኋላ በኒውዮርክ መጠጥ በሚሸጥባቸው ቤቶች እንዳትዘፍን ፈቃዷን ተነጥቃ ነበር። በሰርክል ኢን ዘ ስኩዌር ቲያትር ከተመልካቹ ከፊሉ እንደ መጠጥ ቤት ደንበኛ ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጦ ነበር የሚያያት።

የሁለቱ ድምፆች ርቀት የሰማይና የምድር ያህል ነው። የሆሊደይ ድምፅ ጠባብ፣ ሻካራ፣ ከምቱ ትንሽ ወደኋላ እየቀረ የሚሄድ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ በመጠጥና በዕፅ የተጎዳ ነበር። የኦድራ ሰፊና ሙሉ ነው። ኦድራ ያንን ሁሉ ስፋት አጠፈችው። ድምጿን አፍንጫዋ አካባቢ አስጠግታ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ የቃሉን መጨረሻ እየቆረጠች ዘፈነች። በዘፈኖቹ መካከል ደግሞ ሰካራሟ ሆሊደይ የጀመረችውን ወሬ ትረሳለች፤ ትስቃለች፤ ትቆጣለች። ይህን በሳምንት ስምንት ጊዜ ማድረግ ለሠለጠነ ጉሮሮ አደጋ እንዳለው ማንም የድምፅ መምህር ይናገራል። የቶኒ ኮሚቴ ሥራውን ከተውኔት ስለመደበው ያገኘችው ሽልማት በተውኔት መሪ ተዋናይት ዘርፍ ሆነ። በአራቱም የትወና ዘርፎች ያሸነፈች፣ በትወናም ስድስት ቶኒ ያላት ብቸኛ ሰው ናት። በጂፕሲ ለ11ኛ ጊዜ ስትታጭ ደግሞ በተዋንያን መካከል በዕጩነት ብዛት ከሁሉም በላይ ሆነች። በመካከሉ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ሠርታለች፤ ከኦፔራ ቅጂም ግራሚ አግኝታለች።

እንግዲህ ከሆሊደይ በላይ “ለእሷ ድምፅ ያልተጻፈ” ምን አለ? ያንን ጊዜ አጨብጭበንላት ነበር። ለሮዝ ሲሆን ሚዛኑ የተለወጠው ለምን እንደሆነ የሚነቅፏት ሰዎች ራሳቸውን ይጠይቁ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከስድስቱ ሽልማቶች ሦስቱ የቀደሙ ሥራዎች እንደገና ሲታዩ የተገኙ ናቸው፤ የሆሊደይ ተውኔትም በ1980ዎቹ የተጻፈ ነው። አቀናባሪው ማይክል ጆን ላኪዩሳ የሜዲያን የግሪክ አፈ ታሪክ ወደ ኒው ኦርሊንስ አምጥቶ “ማሪ ክርስቲን” የተሰኘውን ሙዚቃዊ ቲያትር ለእሷ ድምፅ ጽፎ ነበር። ሥራው በ1999 መጨረሻ በብሮድዌይ ተከፍቶ ከአንድ ወር ጥቂት አልፎ ተዘጋ። አዲስ ሙዚቃዊ ቲያትር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ስሙ የታወቀ አሮጌ ሥራ ትኬት ይሸጣል። ስለዚህ እንደ ኦድራ ያለች ሴት ለሌላ ሰው ጉሮሮ የተሰፋን ሚና እየለበሰች ትቀጥላለች፤ ከዚያም “አልገጠማትም” ትባላለች። ለመርማን የጻፉላት ነበሩ። ሮዝ ለኦድራ አልተጻፈችም የሚሉ ሰዎች፣ ኦድራ ገና በአምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ለእሷ የሚጻፍ ሥራ እንዲኖር ፕሮዲውሰሮቹን አብረውኝ ይወትውቱ።