ስንት ተከታይ አለው?

የደብረ ብርሃን ሰው ይባረክ! አያቶቻችን ሲጨነቁበት የኖሩትን ጣጣ እኛ ስልካችንን በጣት ገፋ አድርገን ጨረስነው። እነሱ አንድን መምህር ለማመን ከማን እግር ሥር እንደተማረ ይጠይቁ ነበር። ቅኔ ይዘርፋል ወይ፣ ትርጓሜ ያውቃል ወይ፣ ኑሮውስ እንዴት ነው እያሉ ዓመት ይፈጃሉ። እኛ "ስንት ተከታይ አለው?" ብለን ተገላገልን። 100 ሺህ ካለፈ መምህር ነው። 500 ሺህ ካለፈ አባት ነው፣ ጢሙ ባይበቅልም።

ጉባኤ ሄዶም ስብከት ማዳመጥ ግድ አይደለም። የድምፅ ማጉያው ብዛት ይበቃል። ባነሩ ላይ የሰባኪው ፊት ሙሉውን ይዞታል። የጌታ ስም ከታች፣ ከባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ በትንሹ ተጽፏል። ጎረቤቴ ከዚያ ስትመለስ "ምን አስተማሩ?" አልኳት። "ኧረ ወንድሜ፣ ሕዝቡን ብታየው!" አለችኝ። ትምህርቱ በደንብ ገብቷታል።

የተጉለት አቋቋም፣ ያ የማኅሌት ዝማሜ ስልት፣ ከጎንደሮቹ ላይ ቤትና ታች ቤት ስልቶች ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳ ነው። እሱን የሚያስቀጽሉ የኔታ ግን ተከታዮቻቸው ጥቂት ደበሎ ለባሾች ናቸው፤ እነሱም ስልክ የላቸውም። በዚህ ቁጥር እንኳን ሊቅ፣ ዲያቆንም አያስብልም።

ይህ ያልጣማቸው ወገኖችም አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። "ታዋቂው ሁሉ ነጋዴ ነው፤ እውነተኛ አባት አይታወቅም" ይላሉ። ይህ ደግሞ ከፊተኛውም ይቀላል፤ አለመታወቁን ማወቅ ብቻ ነው። ለማስረጃ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ይጠራሉ፦ "ደብረ አስቦ ዋሻ ውስጥ አልነበሩም እንዴ?" ነበሩ። ገድሉ ከዚያ በፊት ስንት አገር ዞረው እንዳስተማሩም ይናገራል። ግን ገድል ረጅም ነው፣ ማን ያነበዋል?

ሰሞኑን ከአንኮበር በታች አንድ እንዲህ ያሉ አባት ተገኙ አሉ። "ለማንም እንዳትናገር" እየተባለ ከተማው ሁሉ ሰማ። ሰዎቹ ሲደርሱ አባ ጭራሮ እየለቀሙ ነበር። የተደገነውን ስልክ ሲያዩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጫካ ገቡ። "አያችሁ፣ ከሰው ይሸሻሉ!" አለ ጉዞውን ያዘጋጀው ልጅ። በማግስቱ የመሳፈሪያው ዋጋ እጥፍ ሆነ።

ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ሁለት ሚኒባስ ይነሳል። አንዱ ሞልቷል። ማንም የማያውቃቸው አባት ናቸውና ቶሎ ተመዝገቡ።