ይህን በግ ዛሬ አትየው

የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኛ ዘንድ እንዲያሳልፍ ከአዲስ አበባ ተላከ። በነሐሴ፣ ደብረ ብርሃን! እህቴ ምን አስባ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ብርድ የጠላ ሰው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል እንጂ እኛ ጋ ምን ይሠራል? ብቻ የአሥር ዓመቱ ልጅ አንድ ሹራብና ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ይዞ ከሚኒባስ ወረደ። እናቴ ሰላም ሳትለው ጋቢ አለበሰችው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ልጁን አላየነውም። ከጋቢው ውስጥ የስልኩ ብርሃን ብቻ ይታይ ነበር።

ስልኩ ላይ ፖኪሞን ጭኗል። አውሬ እየያዙ፣ እያሳደጉ፣ እያዋጉ የሚጫወቱት ጌም ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ነው። ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ሰው ሲሆን፣ ልጅ ሳለ ነፍሳት እየለቀመ ያጠራቅም ነበር። እኛም ፌንጣ ስንለቅም ነው ያደግነው፤ ግን ከአለንጋ በቀር ምንም አላተረፍንበትም። ያኔ 151 ብቻ የነበሩት አውሬዎች ዛሬ ከ1000 አልፈዋል።

ጨዋታው ሲጀመር አንድ ፕሮፌሰር ሦስት አውሬ አቅርቦ “አንዱን ምረጥ” ይላል። ልጁ ደግሞ ምርጫውን ለእናቴ ሰጣት።

“እማማ፣ ምረጪልኝ።”

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ቡልባሶር ጀርባው ላይ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ተሸክሟል፤ የሣር ወገን ነው። ስኩዊርትል ኤሊ ነው፤ የውሃ ወገን። ቻርማንደር ደግሞ ጅራቱ ጫፍ ላይ እሳት ይነድበታል።

“ይሄ እሳት ያለው! ለዚህ ብርድ ሌላ ምን ይመረጣል?”

“ግን እማማ፣ መጀመሪያ የሚገጥመን አለቃ ድንጋይ ነው የሚያዋጋው። እሳት ድንጋይ ላይ ይቸገራል።”

“ድንጋይ ከሆነ የጣርማበር ተራራም ተበስቷል” አለች እናቴ። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ቀጥሎ ልጁ “ጅራቱ ላይ ያለው እሳት ከጠፋ ይሞታል” አላት።

“እኛስ?” አለች፣ ምድጃዋን እየቆሰቆሰች።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ተንኮል አለ። አንተ ስትመርጥ የጎረቤትህ ልጅ ቆሞ ያይሃል። ከዚያ ያንተን የሚያሸንፈውን ለይቶ ያነሣል። እሳት ከያዝክ ውሃ ይይዛል። ጃፓኖች ይህን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ እኛ ሰፈር ግን የኖረ ነው። ከኛ ዝቅ ብሎ ያለው ሰውዬ ልጁን አካውንቲንግ ቢያስገባ፣ ፊት ለፊቱ ያለው የራሱን ልጅ ኦዲት አስገባ።

ቻርማንደር ሌቨል 16 ሲደርስ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ። ያ ትንሽዬ ልጅ መሳይ ነገር ጠፍቶ አንድ የተቆጣ ጎረምሳ ብቅ አለ። ልጁ በደስታ ጮኸ። እናቴ ደነገጠች።

“ያ ትንሹስ?”

“እሱ እኮ ነው። አደገ። 36 ሲገባ ደግሞ ክንፍ ያወጣል።”

“ማን አሳድገው አለህ? እንደዚያው ደስ ሲል!”

ልጁ ይህንንም የሚከላከል ነገር እንዳለ ነገራት። መለወጥ ሲጀምር “ቢ” የምትባለውን ቁልፍ ከተጫንክ ለውጡ ይቆማል፤ አውሬው እንደነበረ ይቀራል። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

“አንተ ሰባት ዓመትህ ሳለ ውሃ ቅዳ ስትባል ሮጠህ ትቀዳ ነበር። ያኔ ይሄ ቁልፍ የት ነበር?”

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስት የለኝም፤ የቤት ካርታም የለኝም። ልጁም እንደማይታዘዘኝ እናቴ ታውቃለች። አንድ ማታ “ስልኩን ዝጋና ተኛ” ስለው የጨዋታውን ሕግ አስረዳኝ። ከሌላ ሰው በልውውጥ የመጣ አውሬ፣ ሌቨሉ ከፍ ያለ ከሆነና አንተ በቂ ባጅ፣ ማለት አለቆቹን አሸንፈህ የምታገኘው ምልክት፣ ከሌለህ፣ ያዘዝከውን አይሰማም። ዝም ብሎ ቆሞ ያይሃል፤ ሲያሻውም ይተኛል።

“እና?”

“እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። አንተ ባጅ የለህም።”

ልውውጥን ካነሣን አይቀር፣ ካዳብራ የሚባል አንድ ማንኪያ የያዘ አውሬ አለ። ሌቨሉን ሰማይ ብታደርሰው እዚያው ካዳብራ ነው። ወደ አላካዛምነት የሚለወጠው ለሌላ ሰው ስትሰጠው ብቻ ነው። ልጁ በሰፈሩ የሚለዋወጠው አጥቶ አዝኖ ነበር። እኔ ግን ወዲያው የገባኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። እዚህ ሳለ ከጀበና ቡና በርጩማ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ምክር ተመከረ፣ ጸበል ተጠመቀ፣ ምንም። ሪያድ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት የሚነሣ፣ እጁን ሳይታጠብ የማይበላ፣ ሰውን በቀጠሮ ብቻ የሚያገኝ ሰው ሆኖ መጣ። እናቱ እስካሁን ማን እንደላኩላት አጣርታ አልጨረሰችም።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ስላዩ ነው ይባላል። በዚያ ክረምት ግን ከሰማይም ከምሰሶም የሚወርድ ብርሃን አልነበረም። አንድ ማታ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ልጁም ጨዋታውን ሴቭ አላደረገውም። የሦስት ቀን ድካም ባዶ! የለቅሶው ድምፅ ሲሰማ አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች።

እንደገና ሲጀምር ነው ያ ደላላ የመጣው። ጨዋታው ውስጥ ተራራ ሥር የቆመ አንድ ሰውዬ ማጂካርፕ የሚባል ዓሣ በ500 ይሸጣል። ልጁ ገዛው። ዓሣው የሚችለው መንፈራገጥ ብቻ ነው። ውጊያ ላይ ይንፈራገጣል፤ ጠላትን አይነካም። ሻጩ ደግሞ ገንዘብ አይመልስም። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

“ሌቨል 20 ይድረስ፣ ታያለህ” አለኝ።

“የማይዋጋ ነገር በምን ያድጋል?”

ዘዴ አለው። ዓሣውን መጀመሪያ ያሰልፈውና ወዲያው ያስወጣዋል። ሌላው ገብቶ ተደባድቦ ሲያሸንፍ፣ ዓሣው ስለተሰለፈ ብቻ የልምድ ድርሻውን ይወስዳል። ይህን ስሰማ ሳቄን አቆምኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ፈርሞ ይወጣል፣ አበሉ ግን ይደርሰዋል። እንደዚህ እየተሰለፈ እየወጣ ኃላፊ ሆኗል። ማጂካርፕም 20 ሲሞላው ጋራዶስ የሚባል ዘንዶ የሚያህል አውሬ ሆነ። ልጁ ምንም አላለኝም። ስልኩን ብቻ አሳየኝ።

ለእንቁጣጣሽ በግ የመግዛት ተራ የኔ ነበር። እዚህ አገር በግ አለመምረጥ ነውር ነው። የመንዝ በግ ግዙፍ አይደለም፤ ለብርድ የተሠራ ነው፤ ፀጉሩ ባና ይሆናል። ከተማችን ውስጥ ይህንኑ በግ አዋሲ ከሚባል የውጭ አገር የበግ ዝርያ ጋር የሚያዳቅል የምርምር ማዕከል አለ። መንዝ ላይ ገበሬዎች ተሰብስበው የትኛው አውራ ለዘር ይቅር ብለው ይመርጣሉ። የእናቴ ትእዛዝም አጭር ነበር፦ ላቱን መዝን፣ ወገቡን ጫን፣ ጥርሱን እይ፣ ጥቁር እንዳታመጣ።

ገበያው ጭቃ ነው። ካፊያው አላቆመም። ላት ልመዝን ጎንበስ ስል አንድ ደላላ ክንዴን ያዘኝ። ገመዱ ጫፍ ላይ የቆመው ከግልገልነት ገና የወጣ ጠቦት ነው። አጥንት ነው። ይንፈራገጣል።

“ወንድሜ፣ ይህን በግ ዛሬ አትየው። ለገና እየው።”

ጠቦቱን አየሁት። ደላላውን አየሁት። እግዜር ይይልኝ፣ ያሰብኩት ጋራዶስን ነው።

ቤት ስደርስ እናቴ ጠቦቱን በአንድ እጇ አነሣችው። መልሳ አስቀመጠችው።

“ይሄ ለመረቅ ነው?”

“ያድጋል።”

“አንተንም እንደዚያ ብለውኛል” አለች።

ለበዓሉ ቅርጫ ገባን። ልጁ ጠቦቱን ማጂካርፕ ብሎ ሰየመውና ትምህርት ሲከፈት አዲስ አበባ ተመለሰ። ስሙ ለእናቴ አፍ ስላልተመቸ “መጂ” ሆነ። መጂ የጠላ አተላና ፉርሽካ እየበላ፣ ማታ ማታ ምድጃ ሥር እየተኛ ከረመ። ግልገል ጠቦት፣ ጠቦት ሙክት ይሆናል፤ ለሙክትነት የሚከፈለውን ዋጋ የሚያውቀው በጉ ነው። እናቴ ግን ለመጂ ይህን ዋጋ አላስከፈለችውም። ስለዚህ ቀንድ አወጣ። በኅዳር አጥሩን ጣለ። በታኅሣሥ እኔን ጣለኝ።

ልጁ በየእሁዱ ይደውላል። “ሌቨል ስንት ደረሰ?”

“ደጃፍ ላይ ቆሞ አላሳልፍ ብሎኛል።”

“ባጅ የለህማ” ይላል።

የገና ዋዜማ ቢላዬን አስልቼ ገመድ ይዤ ወጣሁ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በረት በር ላይ ቆማለች። መጂ ከኋላዋ ሆኖ ያየኛል።

“ቢላ ይዘህ የት?”

“ነገ ገና አይደለም እንዴ?”

“ይህን በግ ዛሬ አትየው” አለች። “ለፋሲካ እየው። አሁን ገበያ ሂድና የደረሰ በግ ግዛ።”

አጥሩን ተሻግሬ መንገድ ስጀምር ከኋላዬ ጠራችኝ።

“ከመክፈልህ በፊት ግን ለልጁ ደውልለት!”