ፍሬንን በሬዲዮ የመጠገን ጥበብ

ፍሬናቸው ሲያፏጭ ሬዲዮ ከፍ ለሚያደርጉ የአዲስ አበባ አሽከርካሪዎች እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳፍራል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል፤ እነሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለውን ተረት ለቸኳይ ትተውታል።

በብዙ የፍሬን ሸራዎች (ዲስኩን ጨምቀው መኪናውን በሚያቆሙት) ጠርዝ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። አዲስ ሲገዛ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ሸራ ተበልቶ 2 ወይም 3 ሲቀረው ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ እየነካች ትጮኻለች። የተሠራችው ለዚሁ ነው። ጀግናችን ግን ጩኸቷ በራሱ እስኪወጣላት ይታገሣል፤ ትዕግሥቱም ፍሬ ያፈራል። አንድ ቀን ፉጨቱ ቀርቶ የወፍጮ ድምፅ ይተካል፣ ብረት ብረትን እየፈጨ። "ተሻለው" ይላል። በሸራ ዋጋ ያልቅ የነበረው ነገር አሁን ዲስክም ይጨምራል።

በዘይት የሚፈውሰውማ የባሰ ሊቅ ነው። ሸራው ላይ ጠብ ሲያደርግበት ፉጨቱ ወዲያው ጸጥ! መኪናው መቆሙንም አብሮ ይተዋል እንጂ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል። ከቁልቁለት በወረደ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋውም አለ፤ ዲስኩ ተጣሞ ፔዳሉ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ መንገዱን ይረግማል።

(ዝናብ ባደረ ጠዋት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፍሬኖች ብቻ ካፏጨ ዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው። ለዚህስ ሬዲዮው ይበቃል።)

ትዕግሥት የሌላቸው ደግሞ መኪናውን በክሪክ ያነሣሉ፣ በመቆሚያ ይደግፋሉ፣ ጎማ ያወልቃሉ። ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ካፏጨ ፊቱ እንደ መስታወት አብለጭልጮ እንደሆነ አይተው በብርጭቆ ወረቀት ያሻሹታል፤ ብናኙን ግን በአፋቸው አይነፉም። ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ካሊፐር በሽቦ ያንጠለጥሉታል እንጂ የፍሬን ዘይት በሚያመጣለት የጎማ ቱቦ አይሰቅሉትም። አንዱ ሸራ ከጓደኛው በልጦ ከተበላ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ይጠረጥራሉ፤ ነቅለው፣ አጽድተው፣ ለፍሬን የተሠራውን የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀባሉ። ተራ ግራሶ የፒኖቹን የላስቲክ ሽፋን ያሳብጣል። ከሸራው ጀርባ የምትገባዋን ስስ ቆርቆሮም "ትርፍ ዕቃ ናት" ብለው አይወረውሯትም። ንዝረቱን የምትውጠው እሷ ናት፤ ስንቱ አዲስ ሸራ በገባ ማግሥት የሚያፏጨው በእሷ መጣል ነው! ሸራ ሲቀይሩ የግራውንም የቀኙንም ይቀይራሉ፤ በአንድ ጎን ብቻ ቆጥቦ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት መሪ መታገል ለጀግኖች የተተወ ስፖርት ነው። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ሳያነቡም ቶርኖ ቤት አይወስዱትም።

ከዚያ ሞተር አስነሥተው፣ ገና ሳይንቀሳቀሱ፣ ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋግመው ይረግጣሉ። ሸራውን የሚገፋው የካሊፐሩ ፒስተን አዲሱ ሸራ እንዲገባ ወደ ኋላ ተገፍቷልና የመጀመሪያው እርግጫ ወለል ድረስ ይገባል። ይህችን የዘለለው አሽከርካሪ የጋራዡን በር ይዞ ይወጣል፤ ፉጨት ግን የለም።