ኦቶቲዩኑ አንቺሆዬን እንዲያውቅ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ክፍል የድምፅ ስቱዲዮ ከፍተው የሚሠሩ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ክራክ ሶፍትዌር፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ቅጂ ነው። አልፈርድባቸውም። የሕጋዊው ቅጂ ዋጋ በዶላር ነው። ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ራቀ። ከአገር ውስጥ ካርድ ለውጭ ድርጅት መክፈልም ሌላ ጣጣ ነው። ግን ከክራክ ሌላ ምርጫ የለንም ሲባል አልስማማም።

ድምፅ መቅጃና ማረሚያ የሆነውን ኦዳሲቲን እንውሰድ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ለፖድካስት፣ ለስብከት፣ ለቃለ መጠይቅ ይበቃል። ጄኔሬተር እየጮኸ የተቀዳ ድምፅ አላችሁ እንበል። ሰው የማይናገርባትን አንድ ሁለት ሰከንድ ምረጡና ጩኸቱ ይህ ነው ብላችሁ አሳዩት። ከዚያ ሙሉውን መርጣችሁ ቀንስልኝ በሉት። ብቻ አታብዙት፤ ሲበዛ ተናጋሪው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሙዝ ግሩፕ የሚባል ኩባንያ ኦዳሲቲን ጠቀለለው። ብዙም ሳይቆይ የተጠቃሚዎችን መረጃ የሚሰበስብ ነገር ሊጨምርበት አሰበ። ተጠቃሚው ተቆጣ፣ ዕቅዱም ቀረ። ያላመኑት ደግሞ ኮዱን ወስደው ቴናሲቲ የሚባል ሌላ ሶፍትዌር ሠሩ። ፈቃዱ ይህን ስለሚፈቅድ ማንም አልከለከላቸውም። በክራክ የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለ አቅም የለንም።

ለዘፈንና ለመዝሙር፣ ብዙ ትራክ (ለየብቻ የተቀዱ ድምፆች) ለሚፈልግ ሥራ፣ አርዶር የሚባል ሶፍትዌር አለ። ፖል ዴቪስ የጀመረው ነው። ኮዱ ነፃ ሲሆን፣ ተዘጋጅቶ ለሚወርደው ቅጂ ግን መጠነኛ ክፍያ ይጠይቃል። ተገቢ ነው እላለሁ፤ የሚሠሩት ሰዎችም መብላት አለባቸው። ሁሉን ነገር በሙዚቃ ኪቦርድ ለሚሠራ አቀናባሪ ኪዩቤዝ እንደሚባለው የሚሸጥ ሶፍትዌር አይመችም። ድምፃዊና መሣሪያ በማይክ ቀድቶ ሚክስ ለማድረግ ግን ምንም አይጎድለውም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የቅኝታችን ጉዳይ ነው። የዘፋኝን ድምፅ ወደ ትክክለኛ ኖታ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር ኦቶቲዩን በተለምዶ ድምፅን የሚጎትተው ወደ ፒያኖ 12 ኖታዎች ነው። የአንቺሆዬ ድምፆች ግን ሁሉም እዚያ ቁልፎች ላይ አያርፉም። ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ዘፋኝ ልክ አድርጎ ያወጣውን ድምፅ ማሽኑ ስህተት ነው ብሎ ያስተካክለዋል። ጆሯችን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ጉዳት አላየውም።

ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው በኦፕን ሶርሱ ዓለም ፎንስ አድሪያንሰን የጻፈው ዚታ የሚባል እንደ ኦቶቲዩን ያለ የድምፅ ማስተካከያ አለ። ሮቢን ጋሬውስ ያንኑ ወስዶ አርዶር ውስጥ የሚሠራ አደረገው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ቀጠለበት። ሦስተኛው ከእኛ መካከል ቢሆን ምን ይከለክላል? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ኮድ የሚጽፉ ተማሪዎችም እዚያው ዩኒቨርሲቲ አሉ። የማሲንቆና የክራር መምህራን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ይጫወቱ፤ ተማሪዎቹ የድምፆቹን ርቀት ይለኩና ኮዱ ውስጥ ያስገቡ። የተጫዋቾቹ አቃኘት ስለሚለያይ አንድ ሰው ቀድቶ ማቆም አይበቃም፤ ከጎንደርም ከወሎም መሰብሰብ አለበት። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይኸው።