ማስተካከያ፦ «ኢዚ» ከ«ኢት» የመጣ ቃል አይደለም

የእንግሊዝኛው «ኢዚ» (easy) ከጥንታዊው «ኢት» (eath) ተለውጦ የመጣ ነው የሚል መረጃ ይዘዋወራል። ትክክል አይደለም። እርግጥ ሁለቱም «ቀላል» ማለት ናቸው፤ ድምፃቸውም ይቀራረባል። ምንጫቸው ግን ለየብቻ ነው።

«ኢት» የአገሬው ቃል ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ የነበረ፣ ወገኑም ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ነው። ተቃራኒው «አንኢት» (uneath) ሲሆን «አስቸጋሪ» ወይም «በጭንቅ» ማለት ነበር። «ኢዚ» ግን እንግዳ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከገቡት ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት አንዱ ነው። ቀስ በቀስም የነባሩን ቃል ቦታ ወሰደ።

«ኢት» ያኔውኑ ጠፋ የሚለውም ልክ አይደለም። ገጣሚው ኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 መታተም በጀመረው «ፌሪ ክዊን» በተሰኘው ረጅም ግጥሙ ውስጥ ተጠቅሞበታል። እንዲያውም አንድ ስንኝ ላይ የ«ኢዚ» መነሻ የሆነውን «ኢዝ»ን (ease፣ «ምቾት») እና «ኢት»ን አብረው እናገኛቸዋለን። ሁለቱ የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ማሳያ ያለ አይመስለኝም። ሼክስፒርም ቢሆን «አንኢት»ን ጽፏል። በስኮትላንድ ደግሞ የ«ኢት» ዕድሜ ረዘም ብሏል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአገሩ ገጣሚዎች ገና ይጠቀሙበት ነበር።