ለክቡር ኢላስቲክሰርች፣ ጣና ዳር ዓሣ ላጡት የፍለጋ ሞተር

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

የመዝገብ ቤታችንን የፋይል ክምር በቅጽበት ፈልገው ያገኛሉ ተብሎ በኡቡንቱ ሰርቨራችን ላይ በክብር ከተጫኑ ወዲህ፣ ባለፈው ሐሙስ በባሕር ዳር እንግዶች ፊት ያከናነቡንን ውርደት በጽሑፍ ላሳውቅዎ ተገድጃለሁ።

ዕለቱ የምረቃዎ ነበር። ፕሮጀክተር ተሰቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የፈቃድ እድሳት ሲጠባበቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ለማሳያ ከወረፋው ተጠርተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኃላፊያችን «አባባ፣ ከእንግዲህ ነገ ይመለሱ የሚባል ነገር ቀርቷል» አሉና በገዛ እጃቸው «ዓሣ» ብለው ጻፉ። እርስዎም ሳይዘገዩ መለሱ፤ ግድግዳው ላይ ጎልቶ የታየው የውጤት ብዛት 0 ነበር። የቆሮሶና የአምባዛ ፈቃድ የሞላበትን መዝገብ ታቅፈው፣ ጣና አፍንጫዎ ሥር እያለ፣ ዓሣ የሚባል ነገር አላየሁም አሉ። አዛውንቱ ግድግዳውን ትክ ብለው ካዩ በኋላ «ሲስተም የለም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ እንግዶቹም ወደ ስኒያቸው አቀረቀሩ።

ነገሩን ብናጣራው፣ ከመዝጋቢዎቻችን አንዱ «አሳ»፣ ሌላው «ዐሣ»፣ ሦስተኛው «የዓሣ» ብሎ አስገብቷል። ለእርስዎ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ ተዋውቀው አያውቁም፤ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ባዕዳን ናቸው፤ ከፊቱ «የ» የተለጠፈበት ቃልማ ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት ነው። በስፔን ለሚነገሩት ለባስክኛና ለጋሊሲያኛ የተሰናዳ የቋንቋ መተንተኛ ይዘው ሲመጡ ለአማርኛ ግን ምንም አልያዙም። ታዲያ ሃሌታውን፣ ሐመሩንና ብዙኃኑን፣ ጸሎቱንና ፀሐዩን ከነሰባት ቤታቸው አንድ በአንድ እያዛመድን፣ የፊደል መተኪያ ሠንጠረዥ በእጃችን ጽፈን የምናጎርስህ እኛ ነን? ሰውዬው መረቡን ጥሎ፣ ጎህ ሳይቀድ በታንኳ ተነሥቶ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፣ «ማኅተሙ አልጎላም» ተብሎ ተመልሶ፣ እንደገና ተሰልፎ የደረሰው አንተ ዜሮ ልትለው ነው? ፈቃዱ ካልታደሰ እኮ ሐይቁ ላይ አይወርድም፤ ቤቱ ምን ይበላል?

ይቅርታ፣ ወደ አንቱታው ልመለስ።

የቆዩትን ቅሬታዎቼን በአጭሩ ላስታውስዎ። «ሩት» በሚባለው የሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ ስም በቀጥታ ሳስነሣዎት አልነሣም ብለዋል። ከስምንተኛው እትምዎ ወዲህ የይለፍ ቃልዎን በጭነቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ ያደርጉታል፤ ያንኑ ሰዓት መብራት እንደሚሄድ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጥያቄ በሚቀበሉበት በ9200 በር (ፖርት) ላይ ያለ ምስጠራ ሲያንኳኩብዎ «ባዶ ምላሽ» የሚል መልስ ብቻ ይሰጣሉ፤ እኛ እንኳ ለባለጉዳይ ቢያንስ ቀጠሮ እንሰጣለን። የሰርቨራችን ማስታወሻ (ራም) 4 ጊጋባይት መሆኑን እያዩ ግማሹን ለራስዎ መድበው ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ዳታቤዙና ሌላው ሁሉ በቀረው ሲጨናነቅ የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሊኑክስ ራሱ መጥቶ አንቆ ይገድልዎታል፤ ለዚያም የምንጠየቀው እኛው ነን።

ስለዚህ የፊደሎቻችንን ዝምድና ተምረው በሚቀጥለው እትምዎ እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
የአዛውንቱን ፋይል እንግዶቹ ሳይበተኑ ከመደርደሪያ አውጥተው ለሰጧቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን፤ ጡረታ እንዳይወጡ ከአደራ ጋር።