ድንበር ለሚገፉት ጎረቤቴ፣ ለወንዙ

ከጮቄ ወርደው ጨሞጋ ለሚቀላቀሉት ለተከበሩ ወንዛችን፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱ የተስማማዎት ይመስላል፤ ወፍረዋል። በእኔ ማሳ ነው የወፈሩት።

ሰው ድንበር ሲገፋ እንኳ ወግ አለው። በጨረቃ አንድ ትልም ይሰርቃል፤ ሲነጋ «በልጆቼ!» ብሎ ይምላል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ይታረቃል። እርስዎ ግን ነሐሴ ላይ ጤፌን ከነአፈሩ ገምሰው ሄዱ። ዞር ብለውም አላዩ።

የይዞታ ደብተሬን ይዤ ከሰስኩዎ። ጸሐፊው ገለጥ አደረገና «በምሥራቅ የሚያዋስንህ ወንዝ ይላል። አሁንስ ማን ነው የሚያዋስንህ?» አለኝ። ወንዝ ነው። «ታዲያ ምን ጎደለህ?»

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እርስዎ መቼ ሸጡ? መቼ ለወጡ? ዝም ብለው ወሰዱ እንጂ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መታጠፊያው ላይ ከእኔ የገመሱትን ዝቅ ብለው ለማዶው ጎረቤቴ ደለል አድርገው አወረሱት። ሰውዬው ሽንኩርት ሊተክልበት መደብ እያወጣ ነው። ሰላምታውም ረዝሟል። የቀረው አፈሬ በዓባይ በኩል ወደ ሕዳሴው ነጉዷል። ለግድቡ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ አፈር ግን አልፈረምኩም! «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል የማን ግንድ እንደሆነ የጠየቀ የለም። የእኔ ባሕር ዛፍ ነው።

የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየና ለእርስዎ አደላ። «ዳሩን በሥራቸው ይዘውት የነበሩትን ሾላና ዶቅማ ማን ቆረጣቸው?» አለ። እኔ ነኝ፤ ለማገዶና ለሁለት ትልም ትርፍ። ከብቶቼም ውኃ ሲወርዱ ዳሩን እየረገጡ እንደናዱት አልክድም። «ከአፋፉ ጥቂት እርምጃ አትረስ። የዝሆን ሳርና ቀርከሃ ትከልበት፤ ሳሩን እያጨድክ ለላሞችህ ስጥ» አለኝ።

«መሬቴን ለወንዝ ልስጥ?»

«አሁን ለማን እየሰጠህ ነው?»

አፉ ስል ነው።

እናም አምስት እርምጃ ልለቅልዎ ነው። ካሣ አልጠይቅም። በጥር ፍየሌ እግሯ ሳይረጥብ የምትዘልዎት ሰውዬ፣ ክረምት ሲመጣ ሳሩ ሥር እስኪሰድ ቢታገሡኝ ምን አለበት?

አዋሳኝዎ በምዕራብ፣
ለጊዜው።